የአንዲት ስንዝር ጣቢያ ርክክብ

እኛ ሰዎች ከእርጅና ጋር ያለን ጠብ የሚታወቀው በላስቲክ ነው። አዲስ ሶፋ ገዝተን ላስቲኩን አናነሳም፤ የቴሌቪዥኑን ሪሞት በላስቲክ እንጠቀልላለን፤ የመኪናው ወንበር ከፋብሪካ ለብሶት በመጣው ላስቲክ ላይ መኪናው እስኪሸጥ ድረስ እንቀመጣለን። እንግዳ በተነሳ ቁጥር ላስቲኩ ከሱሪው ጋር ተጣብቆ ሲንጣጣ ማንም አያፍርም። ጅቡቲ ደግሞ ይህ ጠብ ወደ ጦርነት ያደገባት ከተማ ናት። ጨው ከባሕሩ፣ አቧራ ከበረሃው፣ ሙቀት ከየትም ይመጣል። ዛሬ ያስገጠማችሁት የብረት በር በስድስት ወሩ ይላላጣል። ካምሲን የሚሉት የሰኔና የሐምሌ ንፋስ አንድ ሳምንት ከነፈሰማ የሰውም ፊት ቀለም ይፈልጋል።

በዚህች ከተማ ተቀምጬ ነው እንግዲህ እኔ፣ ጤና ሳላጣ፣ ዕቃ በገዛ እጄ የማስረጀው።

አትሳቁ፤ ሥራው ሥርዓት አለው። ወደዚህ የመጣሁት የአገራችን ጭነት ሁሉ ወደ ጅቡቲ ወደብ በዞረበት ዘመን፣ በትራንዚት ሠራተኛነት ነው። ፕላቶ ዱ ሰርፓን በሚሉት ሰፈር ይኖር የነበረ አንድ ፈረንሳዊ ወደ አገሩ ሲመለስ ዕቃውን ስላስጫንኩለት አንድ ሳጥን ሰጠኝ። ውስጡ ስስ ቢላዎች፣ ኩል መኳያ የሚያህሉ ብሩሾች፣ ሙጫ፣ እንዲሁም ግማሽ ላይ የቀረች የካርቶን ባቡር ጣቢያ ነበሩ። ጣቢያዋ ከእውነተኛው ሰማንያ ሰባት ጊዜ ያነሰች ናት፤ ሰው ቢቆምባት ቁመቱ ሁለት ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ባቡሩንና ሐዲዱን ግን ይዞ ሄደ። ስለዚህ እኔ የምሠራው ጣቢያ ብቻ ነው። ቤቴ የመጣ ሁሉ «ባቡሩስ?» ይለኛል። «እየመጣ ነው» እላለሁ። በዚያን ጊዜ እውነተኛዎቹ ጣቢያዎችም የሚሰጡት መልስ ከዚህ ብዙ የራቀ አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ ጫት ሲገባ ከተማው ሥራ ያቆማል። እኔ የማልቅም በመሆኔ ካርቶን እቆርጣለሁ። ግድግዳውን ከጀሶ እቀርጻለሁ፤ የቆርቆሮ ጣሪያውን ከለስላሳ ጣሳ አወጣለሁ። ይሄ ቀላሉ ነው። ጣቢያው እንዳለቀ አሻንጉሊት ስለሚመስል ማስረጀት የግድ ነው። የድስት መፈግፈጊያ ሽቦ በኮምጣጤ ዘፍዝፌ ዝገት አበጃለሁ፤ ከሰል ወቅጬ ጥላሸት፣ ሻይ አፍልቼ የዝናብ እድፍ እሠራለሁ። ጎረቤቴ የበሩን ዝገት በብርጭቆ ወረቀት ሲፈገፍግ፣ እኔ ከግድግዳው በዚህ በኩል ዝገት በብሩሽ እቀባለሁ። አንድ ቀን በመስኮት አይቶኝ ምን እንደምሠራ ጠየቀኝና ነገርኩት። ከዚያ ወዲህ ሰላምታው ቀዝቅዟል።

አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ሊጀምር ነው በተባለ ሰሞን፣ እዚህ ያለነው ኢትዮጵያውያን ማኅበር ለአሮጌው ባቡር ጡረተኞች አንድ ከሰዓት በኋላ የምስጋና ዝግጅት አሰበ። «አንተም ያንን አሻንጉሊትህን አምጣ» ተባልኩ። አሻንጉሊት መባሉ ስለከነከነኝ በእርግጥ የነበረ ጣቢያ ልሠራ ቆርጬ ተነሳሁ። የሚያውቀው ሰው ደግሞ ነበረኝ። ጋሽ ተሰማ ከድሬዳዋ ወዲህ ባለች አንዲት ትንሽ ጣቢያ ሃያ ሁለት ዓመት ሹም፣ በባቡሩ ሰዎች አጠራር «ሼፍ» ሆነው ሠርተዋል። የጣቢያዋን ስም አልነግራችሁም፤ ምክንያቱ ኋላ ላይ ይገባችኋል።

ሃያብለ ሰፈር ያለው ክፍላቸው ሄጄ ሐሳቤን ስነግራቸው ሰውዬው በሃያ ዓመት አነሱ። ወንበሩን ወደ ጥግ ገፍተው የጣቢያዋን ስፋት በእርምጃ ለኩልኝ፤ ግድግዳው ሲያቆማቸው ቀሪውን በጣታቸው እያመለከቱ ቆጠሩ። ሁለት በር፣ አራት መስኮት። አንድ ደወል። ሰማያዊ የውሃ ታንክ። በሐዲዱ በኩል ግድግዳውን ታክኮ የተሠራ ረጅም የድንጋይ መቀመጫ። በመጨረሻ በላስቲክ የተጠቀለለ አንድ ፎቶ አውጥተው አዋሱኝ፤ ሼፍ ኮፍያቸውን አድርገው ከመቀመጫው ፊት ቆመዋል።

ስድስት ወር ሠራሁ። መስኮቶቹ ተከፍተው ይዘጋሉ። ታንኩ ሥር ዝገቱ በቀጭኑ ይወርዳል። ከመቀመጫው በላይ ደግሞ፣ ልክ ፎቶው ላይ እንዳለው፣ ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋ የጠቆረ ቅባት አለ። ልደብቃችሁ አልችልም፣ ኮራሁ።

ጋሽ ተሰማ ሊያዩ መጡ። መነጽራቸውን አደረጉ፤ መስኮቶቹን ቆጠሩ፤ ደወሏን በጥፍራቸው ነኩና ፈገግ አሉ። ከዚያ ፊታቸው ቅጭም አለ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ዝገት ነው ጋሼ።»

«የማን ዝገት?»

እንዲህ ያለ ጥያቄ ቀርቦልኝ አያውቅም። ፎቶውን አውጥቼ ቅባቱን አሳየኋቸው። «እሱ ጥላ ነው» አሉኝ። ሻዬን ሳይጨርሱ ሄዱ።

በሦስተኛው ቀን ተመልሰው መጡ፤ አሁንም በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር ይዘዋል። ወረቀት ነው። ጡረታ ሲወጡ ጣቢያዋን ለተተኪያቸው ያስረከቡበት ሰነድ፣ አስረካቢ፣ ተረካቢና ታዛቢ የፈረሙበት። ቆመው አነበቡልኝ። «ደወል፣ አንድ፣ የሚሰማ። ታንክ፣ አንድ፣ ሰማያዊ፣ የማያፈስ። ግድግዳ፣ ነጭ፣ ንጹሕ።» ንጹሕ የምትለዋን ሁለት ጊዜ አነበቧት።

«ጣቢያዬ ፕሮፕር፣ ንጹሕ ነበር፣ ልጄ። በየዓመቱ በኖራ አስቀባለሁ። አሁን ያ ሁሉ ሰው ተሰብስቦ ይሄን ሲያይ ምን ይላል? ተሰማ ሃያ ሁለት ዓመት ተቀምጦ ቆሻሻ አስረከበ ነው የሚለው።»

ዓይናቸው እንባ አቀረረ። እኛ አገር ሰው ሥራውን የሚጨርሰው በርክክብ እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ማንኪያ ብትጎድል ስምህ ከማንኪያዋ ጋር ይጎድላል። እኔ ጥበብ መስሎኝ የቀባሁት ዝገት ለእሳቸው የክስ ማመልከቻ ነበር። አንጀቴን በሉኝ። ተናድጄም ነበር፤ የስድስት ወር ድካሜ ነው። ግን በእሳቸው በኩል የተያዘው ስም ነው፣ በእኔ በኩል ዝገት ብቻ። ታንኩን ሰማያዊ፣ ግድግዳውን ነጭ ቀባሁት።

በዝግጅቱ ቀን ጣቢያዋ ነጭ ጨርቅ በለበሰ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠች፤ ከጨርቁ የምትለየው በመስኮቶቿና በሰማያዊው ታንክ ብቻ ነበር። ጋሽ ተሰማ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ኮፍያቸውን አድርገው አጠገቧ ቆሙ። አገሩ ሁሉ ሳምቡሳውን እየገመጠ በፊታቸው አለፈ። አንዱ የቀድሞ ፍሬን ያዥ «ውብ ነው፣ የአዲሱ ባቡር ነው?» አለ። ሌላው «ቻይናዎቹ መቼም ሲሠሩ!» ብሎ አደነቀ። ለእያንዳንዱ «የእኔ ነው» ይላሉ ጋሽ ተሰማ፤ መጀመሪያ ጮክ ብለው፣ በኋላ ቀስ ብለው። ማንም አላወቃትም። ሳምቡሳዬን ወደ ሳህኑ መለስኩት።

ያኔ ዘርፌ መጣች። አሁን እዚሁ ጅቡቲ፣ ዋራበሌ ሰፈር የምትኖር፣ በዚያ ባቡር ለዓመታት ሽንኩርትና ቲማቲም ያመላለሰች ነጋዴ ናት። ጎንበስ ብላ ጣቢያዋን አየች።

«ክሊኒክ ነው?»

«ዘርፌ!» አሉ ጋሽ ተሰማ። «እኔን አላወቅሽኝም?»

«እርስዎንማ እንዴት አላውቅዎትም ሼፍ፣ ከመቀመጫው ሲያስነሱኝ የኖሩ። ጣቢያውን ነው ያላወቅሁት።» ደግማ ጎንበስ አለች። «የእኛ ከሆነማ፣ ታዲያ ቅቤዬ የታለ?»

ነገሩ እንዲህ ነው። የዚያች ጣቢያ ተሳፋሪ ባቡሩ ሊደርስ ግማሽ ቀን ሲቀረው መጥቶ መቀመጫውን ይይዛል። በዚያ ሙቀት ቅቤ የተቀባ ራሱን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ያንቀላፋል። ግድግዳው ቅቤውን ይጠጣል። ሼፍ በዓመት አንድ ጊዜ በኖራ ያስቀባሉ፤ በሁለት ሳምንቱ ቅቤው ተመልሶ ቦታውን ይይዛል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በሼፍና በዘርፌ ራስ መካከል የነበረው ይህ ነው።

ሰው ሳቀ። ጋሽ ተሰማ አልሳቁም። ጣቢያዋን አዩ፤ ዘርፌን አዩ፤ በዙሪያቸው ቆመው የገዛ ጣቢያቸውን ያላወቁትን አሮጌ ባልደረቦቻቸውን አዩ። ሊቆጡ ነው ብዬ ስጠጋ ትንሿን ጣታቸውን ሳምቡሳው ሳህን ላይ በተኛው ዘይት ነከሩና ከመቀመጫው በላይ፣ ነጩ ግድግዳ ላይ፣ ከዳር እስከ ዳር አሳለፏት።

«ወደ ጥጉ ይጨምሩ ሼፍ» አለች ዘርፌ፣ «እኔ ጥግ ነበር የምቀመጠው።»

ጨመሩላት። አዳራሹ በሳቅ አውካካ። ቅድም ቻይናዎቹን ያደነቀው ሰውዬ «ውይ፣ እሷ ናት እኮ!» ብሎ ጮኸና ጣቢያዋን በስሟ ጠራት። አንዱ እዚህ ነበር የምተኛው፣ ሌላው እዚህ ነበር ያገባኋትን ያየኋት እያለ ጣቱን ሊነክር ሲጋፋ ሳህኑን ባልደብቅ ኖሮ ጣቢያዋ ሳምቡሳ ትሆን ነበር። ጋሽ ተሰማ ኮፍያቸውን አስተካክለው፣ «አንድ በአንድ!» እያሉ ሰልፍ ያስይዙ ጀመር።

በማግስቱ ቤቴ መጡ። አዲስ ሰነድ በእጃቸው ጽፈዋል፤ በሁለት ቅጂ። ደወል፣ አንድ። ታንክ፣ አንድ፣ ሰማያዊ፣ ዝገት የሌለው፤ ዝገቱን እስከ ዛሬ አላመኑም። ከታች አዲስ መስመር አለች። «የተሳፋሪ ራስ ቅባት፣ አንድ፣ በመቀመጫው ልክ፣ በመልካም ይዞታ ላይ የሚገኝ።» አስረካቢ ሆነው ፈረሙ። እኔም ተረካቢ ሆኜ ፈረምኩ።

በየወሩ መጥተው ያዩታል። ጨው አለ፣ ካምሲን አለ፣ የምታጸዳልኝ ሴት ጨርቅ አላት፤ እኔ ደግሞ ፈርሜ ተቀብያለሁ። ምን ላድርግ? ጣቢያዋን ላስቲክ አልብሻታለሁ።