በአራት ጣት ዝቅ ስለተደረገችው መኪና

በአሰላ ከተማ ብዙ ነገር ተሻሽሏል። ከሁሉም የላቀው ግን አቶ ወንደሰን በነጭ የቤት መኪናው ላይ ያካሄደው ማሻሻያ ነው። ወንደሰን ስሙን መጥቀስ በማያስፈልግ አንድ መሥሪያ ቤት የአሠራር ማሻሻያ ባለሙያ ሲሆን፣ ሙያው ሆኖበት ደህና የሚሠራ ነገር ሲያይ እንቅልፍ አይወስደውም። መኪናዋ ደግሞ ደህና ትሠራ ነበር።

አንድ ቀን በስልኩ ቪዲዮ አየ። ሆዳቸው መሬት ሊነካ ጥቂት የቀራቸው መኪኖች እንደ መስታወት በለሰለሰ አስፋልት ላይ ይንሳፈፋሉ። አስፋልቱን ልብ አላለውም። መኪኖቹን ግን ሦስት ቀን ሙሉ እየደጋገመ ተመለከተና በአራተኛው ቀን ሚፍታ ጋራዥ ሄደ።

ሚፍታ በመኪና እግር ሥራ የታወቀ፣ ብዙ የማይናገር መካኒክ ነው።

"አራት ጣት ዝቅ አድርግልኝ" አለው ወንደሰን።

"ሞላውን መቁረጥ ነዋ። ሞላ ሲያጥር ግን ጎማው ጉድጓድ በገባ ቁጥር ሞላው ከመቀመጫው ይለቃል፣ ሲመለስ ይመታል። ምቾት የሚባለውን እርሳው።"

"በሽቦ ይታሰራላ።"

"የሚታሰር ከሆነ ሞላ መሆኑ ምኑ ላይ ነው?"

ወንደሰን በትዕግሥት ፈገግ አለ። ለውጥ ሁልጊዜ ተቃውሞ እንደሚገጥመው በሥልጠና ተምሯል። "ሚፍታ፣ አንተ የምታየው ከቴክኒክ አንጻር ብቻ ነው" አለው። ሚፍታም የመኪና ሞላ ከሌላ ከየት አንጻር እንደሚታይ ስላላወቀ መቁረጫውን ሰክቶ ቆረጠ።

ከዚያ ቀን ወዲህ መኪናዋ በሄደችበት ሁሉ ቋ፣ ቋ ማለት ጀመረች። "ከሞላ ጎደል" የሚለው አነጋገር ለወንደሰን የሪፖርት ማሳመሪያ ነበር፤ አሁን የመኪናዋ ትክክለኛ መግለጫ ሆነ። የፈረስ ጋሪዎች እየቀደሟት ሲያልፉ እሱ ይህን የአክብሮት አጀብ አድርጎ ይወስደው ነበር።

በዚሁ ሰሞን ሽማግሌ የመላክ ጉዳይ መጣ። ወንደሰን ሊያገባ ያሰባት ኤፍራታ አሰላ የምታስተምር፣ በዲክሲስ የሚኖሩት የአቶ ገብረ መድህን ልጅ ናት። አቶ ገብረ መድህን ስንዴና የቢራ ገብስ የሚያመርቱ፣ ቃላቸው የከበደ ሰው ናቸው። ከዚህ በፊት ለዚችው ልጅ የመጡ ሁለት የሽማግሌ ቡድኖችን በባዶ እጅ ሸኝተዋል።

"ሽማግሌዎቹን በሚኒባስ ላካቸው" አለችው ኤፍራታ።

"ጉዞው ደረጃውን የጠበቀ መሆን አለበት" አለ ወንደሰን።

ደረጃውን የጠበቀው ጉዞ ቅዳሜ ጠዋት ተጀመረ። ከፊት ጡረተኛው መምህር አቶ ገብረ ማርያም ተቀመጡ። ከኋላ ነጋዴው ሐጂ ሀሰኖና ትከሻቸው ለሁለት ሰው የሚበቃው አቶ አብዲሳ ተጣበቁ። አስፋልቱ እስኪያልቅ ሁሉም ደህና ነበር። ጠጠሩ ላይ ሲወጡ ግን የመጀመሪያው ጉድጓድ ሦስቱንም በአንድ ጊዜ ከመቀመጫቸው አነሳና በአንድ ጊዜ መለሳቸው።

"ሱታ፣ ልጄ። ቀስ በል" አሉ ሐጂ።

"በሃያ እየሄድኩ ነው፣ ሐጂ።"

"እንግዲያው በአሥር ሂድና ቀስ ብለን እንሙት።"

ጉብታ በመጣ ቁጥር መኪናዋ ሆዷ እንዳይነካ ሽማግሌዎቹ እየወረዱ በእግር ያልፉ ነበር። ወንደሰን ይህን "የጭነት ማመጣጠን ሥራ" አለው። ሥራው አሥራ አንድ ጊዜ ተከናወነ። ከአሥራ አንደኛው በኋላ ከበስተኋላ አንድ ነገር ተፈናጥሮ ሲወጣ ተሰማና መኪናዋ ወደ ቀኝ አዘነበለች። ከገበያ የምትመለስ አንዲት ሴት የሚንከባለለውን ብረት ይዛ ደረሰች።

"አባባ፣ ይሄ ከመኪናችሁ የወጣ ነው። ምን እንደሆነ ግን አላወቅኩትም።"

"ሞላ ነው ይላሉ" አሉ ሐጂ ሀሰኖ ተቀብለው እያገላበጡ። "እኛም መኖሩን ያወቅነው አሁን ነው።"

ወንደሰን መኪናዋን በክሪክ አንስቶ ሞላውን መለሰና በሽቦ አሰረው። ታስሮም ቋ ማለቱን አልተወም። ሁለት ሰዓት ይፈጃል የተባለው መንገድ ግማሽ ቀን ፈጅቶ ዲክሲስ ደረሱ።

ወንደሰን ደንቡ ስለሚያስገድደው ከአጥሩ ውጪ ቀረ። ሽማግሌዎቹ ወገባቸውን በእጃቸው ደግፈው፣ አጎንብሰው ገቡ። ከሩቅ ላያቸው እንደዚያ ያለ ትሕትና ታይቶ አይታወቅም።

"ቤት ለእንግዳ፤ ተቀመጡ" አሉ የልጅቷ አባት አቶ ገብረ መድህን።

"አንቀመጥም" አሉ መምህሩ አቶ ገብረ ማርያም።

ይህ ቃል በሽምግልና የተለመደ ነው፤ ሽማግሌ ሁሉ ይለዋል፣ ጥቂት ቆይቶም ይቀመጣል። የእነዚህ ግን ከልብ ነበር። ወንበሮቹ ለስላሳ ትራስ ቢደረግባቸውም ሦስቱም አንድ እርምጃ ከወንበሩ ራቁ። ቆመው ጉዳዩን ተናገሩ፤ ቆመው ዘመድ ቆጠሩ። የአቶ ገብረ ማርያም ዓይን በየመሐሉ እንባ ያቀርር ነበር።

አቶ ገብረ መድህን ጢማቸውን ዳሰሱ። "ነገሩ መልካም ነው። ከዘመድ ልምከርበትና በሁለት ሳምንት ተመልሳችሁ ኑ።"

ተመልሳችሁ የሚለውን ሲሰሙ የሦስቱም ፊት ተለወጠ። እስከዚያ ዝም ብለው የነበሩት አቶ አብዲሳ ወደ ፊት ወጡ።

"ጌታዬ፣ እኛ አንመለስም። እሺ የሚሉን ከሆነ ዛሬ ይበሉን። አለዚያ እዚሁ ያምሹን፣ እዚሁ ያሳድሩን፣ እዚሁ ይቅበሩን። በዚያ መንገድ ሁለተኛ አንመጣም።"

አቶ ገብረ መድህን ብድግ ብለው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

"ባለፈው የመጡት ነገሩን ሳይጨርሱ ነው ወንበር የሳቡት" አሉ። "እንዲህ ያለ ቁርጠኝነት በዕድሜዬ አላየሁም። ልጄን ሰጥቻለሁ። እንግዲህ አሁን ተቀመጡ።"

"ግድ የለም፣ እንቆማለን" አሉ ሐጂ።

ግብዣውንም ቆመው በሉ። ሲጨርሱ ወደ አሰላ ገብስ ጭኖ የሚሄድ አይሱዙ አገኙና እየተረዳዱ ከጆንያው ላይ ወጥተው በሆዳቸው ተኙ። ወንደሰን ባዶ መኪናውን እየነዳ ከኋላቸው ተከተለ። ደስታው ወሰን አልነበረውም። ሁለት ቡድን ተመልሶበት የነበረው ደጅ በአንድ ቀን የተከፈተው በምን ምክንያት እንደሆነ ለእሱ ግልጽ ነበር፤ ሰኞም ለመሥሪያ ቤት ባልደረቦቹ "ዝቅ ማለት ለስኬት ያለው ፋይዳ" በሚል ገለጻ አደረገ። በሳምንቱ ሚፍታ ጋራዥ ደጃፍ ላይ ሰባት መኪና ተሰለፈ። ሁሉም አራት ጣት ፈለጉ። ኢርሻድ የተባለ የታክሲ ሾፌር፣ እሱም ሚስት የሚፈልግ ነበርና፣ አምስት አስቆረጠ።

ኤፍራታ ወንደሰንን ሻይ ቤት አገኘችው።

"አባቴ ፈቅዷል። እኔን ግን የጠየቀኝ የለም።"

"ምን ጎደለ?"

"ሐጂ ሀሰኖ ዛሬም በሆዳቸው ነው የሚተኙት። እኔ በዚያች መኪና ሙሽራ አልሆንም። ወይ እኔን፣ ወይ እሷን።"

ወንደሰን አንድ ሙሉ ቀን አሰበበት። በማግስቱ ሚፍታ ጋር ሄደና ሞላውን እንዲመልስለት ጠየቀ።

"የተቆረጠ አይቀጠልም" አለ ሚፍታ። "ያለኝ ከጭነት መኪና የወጣ ነው። በመጠኑ ከፍ ያደርግሃል።"

በመጠኑ የተባለው ከፍታ መኪናዋን ዶሮ በሥሯ ቆማ እስክታልፍ አነሳት። ሙሽራዋ በሠርጉ ዕለት ወደ ውስጥ የገባችው በርጩማ ተደርጎላት ነው። ወንደሰን ከዚያ ከፍታ ላይ ሆኖ ከተማዋን ሲያይ አዲስ እውነት ተገለጠለት፤ የጫጉላው ሳምንት ሲያልቅም "ዘመኑ የከፍታ ነው" የሚል ሁለተኛ ገለጻ ለባልደረቦቹ አቀረበ። ጭብጨባው ከመጀመሪያው አያንስም ነበር።

ከገለጻው ሲወጣ ኢርሻድ በር ላይ ጠበቀው። ወገቡን ይዟል፤ ታክሲውን ግቢው ደጃፍ ያለው ጉብታ ላይ ተቀምጣ ትቷታል፤ ሚስትም አላገኘም።

"ጋሽ ወንደሰን፣ እኔ እኮ ያስቆረጥኩት አንተን ሰምቼ ነው።"

ወንደሰን እጁን ትከሻው ላይ ጣል አደረገና በሐዘኔታ ተመለከተው።

"አየህ ኢርሻድ" አለው፣ "የግንዛቤ ክፍተት ነበረብህ።"