ለመኪናችን በር ስንመርጥ

የአንድ መሥሪያ ቤት ታላቅነት በበሩ ይታወቃል። በሌላ በምንም አይታወቅም ማለቴ አይደለም፤ በማኅተሙ ስፋት፣ በስብሰባው ርዝመትና በኃላፊው ወንበር ከፍታም ይታወቃል። እኛ ግን ከደብረ ታቦር መሥሪያ ቤቶች መካከል ይህን ሁሉ አሟልተን በር ብቻ የጎደለን ነበርን። ጉድለቱን እንዴት በብቃት እንደተወጣነው ለትውልድ መተላለፍ አለበት ብዬ ስላመንሁ፣ የኮሚቴው ጸሐፊ የነበርሁት እኔ ብዕሬን አንሥቻለሁ።

ነገሩ የተጀመረው በበረዶ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የወረደው በረዶ ግቢ ውስጥ የቆመችውን ብቸኛ መኪናችንን ጣሪያዋን አጎደጎደው። ኃላፊያችን አቶ ሙሉሐብት በመስኮት ቆመው ሲያዩ ከልባቸው አዘኑ። መሥሪያ ቤታችን የእንስሳት ጤና የሚመለከተው ነው፤ አቶ ሙሉሐብት ግን ለማንም እንስሳ እንዲያ ሲያዝኑ አይቼ አላውቅም። ወዲያው መኪናዋ የምታድርበት ጋራዥ ይሠራ ተባለ። ግድግዳው ቆመ፣ ቆርቆሮው ተመታ፣ በሩ ላይ ሲደረስ ግን ሥራው ተገታ። በር እንደ ግድግዳ ዝም ተብሎ የሚሠራ ነገር አይደለም፤ ይመረጣል።

በዚሁ ሰሞን አቶ ላቀው ከጉና ወረዱ። አቶ ላቀው ገብስና ድንች የሚያመርቱ፣ ከሁሉ በላይ ግን በበጎቻቸው የሚኖሩ አዛውንት ናቸው። መንደራቸው የበግ ፈንጣጣ ገብቷል፤ ሁለት በግ ሞቶባቸዋል፤ የቀሩት ቶሎ ካልተከተቡ ክረምቱን የሚሻገሩበት ነገር አይኖራቸውም። ይህን ሁሉ ለእንስሳት ሐኪማችን ለፈንታነሽ ነገሯት። ክትባቱ ማቀዝቀዣ ውስጥ አለ፤ መኪናዋ ደጅ ቆማለች፤ ሾፌሩ ደምሴ ፀሐይ ይሞቃል። አስተዳደር ያልገባቸው ሰዎች መኪናዋ ተነሥታ መሄድ ነበረባት ይላሉ። ፈንታነሽም አስተዳደር አልገባትምና ይህንኑ ልትል ወደ ኃላፊው ገባች።

«በሩ ሳይወሰን መኪናዋ የትም አትሄድም» አሏት አቶ ሙሉሐብት። «መንገድ ላይ አንድ ነገር ብትሆን ጋራዡን ለማን ነው የሠራነው?»

«በጎቹ እያለቁ ነው እኮ፣ አቶ ሙሉሐብት።»

«በጎቹማ በረት አላቸው። ሜዳ ላይ የምታድረው መኪናችን ናት።»

ለእንዲህ ያለ የጠለቀ አመለካከት ምን መልስ ይሰጣል? ፈንታነሽ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ወጣች፤ አቶ ላቀውንም ትንሽ ይታገሡን አለቻቸው። እሳቸው በሳምንቱ ተመልሰው መጡ። ከዚያም በሳምንቱ መጡ። በመጡ ቁጥር መኪናዋ እንዳለችና በቅርቡ እንደምትሄድ ተነግሯቸው፣ አመስግነው ተመለሱ።

እኛም አልተኛንም። የበር መረጣ፣ ግምገማና ክትትል ዐቢይ ኮሚቴ ተቋቁሞ ሦስት ዓይነት በር ለውይይት ቀረበ። አንደኛው ሁለት ክንፍ ያለው፣ ወደ ውጭ የሚከፈት የላሜራ በር ነው። ብየዳ ቤቱ ከግቢያችን ፊት ለፊት ስለሆነ በሁለት ቀን ሠርቶ ሊገጥመው ይችል ነበር፤ ኮሚቴው ያልወደደውም ለዚሁ ነው። ከመንገድ ማዶ ለተገኘ ነገር ጥናት ተካሂዶበታል ማለት ያስቸግራል። ሁለተኛው በሐዲድ ላይ ወደ ጎን የሚንሸራተት ነው። የግዥ ባለሙያው አንዱአምላክ ሐዲዱ ውስጥ በረዶ ገብቶ ቢረጋስ ብሎ ስጋቱን ስለገለጠ፣ በረዶውን የሚከታተል ንዑስ ኮሚቴ ተሰየመለት። ሦስተኛው በሪሞት እየታዘዘ ወደ ላይ የሚጠቀለል ሻተር ነው። ስሙ ሲጠራ ሁሉም ወንበሩን ወደ ፊት ሳበ። ከመካከላችን አይቶት የሚያውቅ ስለሌለ አንድም ነቀፌታ ሊቀርብበት አልቻለም። ሾፌሩ ደምሴ ብቻ መብራት ቢጠፋስ ብሎ ጠይቋል፤ ይህም አፍራሽ አስተሳሰብ ተብሎ በቃለ ጉባኤ ተይዞለታል።

ምርጫው በጥናት ይደገፍ ተባለ። ጥናት ያለ ልምድ ልውውጥ አይሆንም፤ ልምድ ልውውጥም ያለ መኪና አይሆንም። መኪናዋ የትም አትሄድም ተብሎ አልነበረም ወይ የሚል አይጠፋም። ያ በጎቹን በተመለከተ ነው። አሁን የምትሄደው ለራሷ ጉዳይ ነው፤ ማንም ቢሆን ለቤቱ በር ሲመረጥ ቢገኝ ደስ ይለዋል።

ኮሚቴው በመጀመሪያ ባሕር ዳር ወርዶ ልምድ ቀሰመ። የባሕር ዳር በሮች ሙቀት የለመዱ ስለሆኑ ለደጋ ማስረጃ አይሆኑም ተባለና ወደ አዲስ አበባ ታለፈ። አዲስ አበባ ከአንድ ባለጸጋ ግቢ ፊት ቆመን፣ ሻተሩ ሰው ሳይነካው ብድግ ሲል አየን። አቶ ሙሉሐብት ሳይታወቃቸው ባርኔጣቸውን አወለቁ። ጥናቱ እዚያው ባበቃ ነበር፤ ነገር ግን ሐይቅ ባለበት ከተማ ሻተር እንዴት ይሆናል የሚል ጥያቄ ስለተነሣ ሐዋሳ ድረስ መሄድ ግድ ሆነ። በርግጥ ባሕር ዳርም ሐይቅ አለ፤ እዚያ ሳለን ግን ጥያቄው ገና አልተነሣም ነበር። ደብረ ታቦር ሐይቅ የላትም የሚሉ ሰዎች ዕቅድ ማለት የሌለን ነገር አስቀድሞ ማሰብ መሆኑን የዘነጉ ናቸው። ዓሣውም መልካም ነበር።

ስንመለስ የዓባይ በረሃ ዳገት ላይ የመኪናዋ ሞተር ተቃጠለ። ደምሴ መጀመሪያም አርጅታለች፣ ይህን ያህል መንገድ አትችልም ብሎ ነበር ይባላል፤ በጽሑፍ ግን አላቀረበም። በጭነት መኪና ተጎትታ ደብረ ታቦር ገባች። ከተማውን ስናቋርጥ አቶ ሙሉሐብት ቀድመው በሌላ መኪና ሄደው ነበር።

ቢሮ ስንደርስ ደግሞ ፈንታነሽ የለችም። እኛ ለልምድ ልውውጥ ከግቢ በወጣን ዕለት አቶ ላቀው መጥተው መኪናዋን ጠይቀዋል፤ የለችም ተብለዋል። ይህን ጊዜ ፈንታነሽ ክትባቱን በበረዶ ሳጥን አድርጋ፣ እስከ ክምር ድንጋይ ከተማ በሚኒባስ፣ ከዚያ ሳጥኑን በአቶ ላቀው በቅሎ ጭና በእግሯ ጉና ወጥታለች። ከመንደር መንደር እየዞረች ስትከትብ ሰንብታ፣ ፊቷ በብርድ ተሰነጣጥቆ ተመለሰች። የሚያሳዝነው ይህን ሁሉ ያደረገችው የመውጫ ፈቃድ ሳትሞላ ነው። አቶ ሙሉሐብት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ በማኅደሯ እንዲቀመጥ ካዘዙ በኋላ፣ በክትባት ዘመቻው የተገኘውን ውጤት በራሳቸው ፊርማ ለበላይ አካል ላኩ።

ሻተሩ መጣ፣ ተገጠመ፣ የሚመረቅበትም ቀን ደረሰ። መኪናዋን አጥበን፣ ተጋግዘን ገፍተን አስገባናት። ድንኳን ተተከለ፤ የክብር እንግዳ ከላይ ተጋበዙ፤ በአቶ ሙሉሐብት ሐሳብ አቶ ላቀውም በተጠቃሚው ኅብረተሰብ ስም ምስጋና እንዲያቀርቡ ተጠሩ። መብራት አለ። የክብር እንግዳው ሪባኑን ቆርጠው ሪሞቱን ሲጫኑ ሻተሩ በዝግታ ወደ ላይ ተጠቀለለ፤ መኪናዋ እያብረቀረቀች ታየች፤ ጭብጨባው ከዳር እስከ ዳር ሆነ። አቶ ሙሉሐብት ባሰሙት ንግግር ይህ በር ለጉና አርሶ አደር የተከፈተ በር ነው አሉ። ፈንታነሽ ከኋላ ቆማ መሬት መሬት ታያለች።

ከዚያ አቶ ላቀው ተነሡ። ኩታቸውን አስተካክለው ለክብር እንግዳው እጅ ነሡ።

«እግዜር ይስጥልን» አሉ። «ይህች መኪና አለች ስትባል ስንጠብቅ፣ እኛ አገር የመጣ ሰው የለም። እኔም ሌላ ሁለት በግ ቀበርሁ። የለችም የተባለ ዕለት ሐኪሟ በግሯ መጣችልን፤ የቀሩትን አተረፈችልን። አሁን እንዳየሁት እናንተ መኪናዋን የምትይዙበት ጥሩ በር አግኝታችኋል። እለምናችኋለሁ ጌቶቼ፣ ይህን በር ዝጉትና ዳግመኛ አትክፈቱት።»

ማጨብጨብ ይገባ እንደሆነ ለማየት ሁላችንም ወደ አቶ ሙሉሐብት ዞርን። እሳቸው ወደ ክብር እንግዳው ዞሩ። የክብር እንግዳው በስልክ ይነጋገሩ ስለነበር ንግግሩን አልሰሙም፤ ሲያልቅ ግን ሞቅ አድርገው አጨበጨቡ፤ እኛም ተከተልን። ከዚያም ሪሞቱን ተጭነው ሻተሩን መለሱት፤ መኪናዋም የምትነሣ ስላልሆነች ከዚያ ወዲህ የሚከፍተው አላገኘም።

በመሥሪያ ቤታችን ታሪክ የአንድ ገበሬ ጥያቄ በቀረበበት ሰዓት ሙሉ በሙሉ ሲፈጸም ይህ የመጀመሪያው ነው።