ቡዳ የበላት ሸክላ

ሙዚቃ አዋቂ ነኝ ለሚል ወንድ ሴት ልጅ መዳር በአዋጅ መከልከል አለበት! ስንቱ ነገር በአዋጅ ሲከለከል ይሄ እንዴት እንደተረሳ ይገርመኛል። ምቀኛ ነው እንዳትሉኝ... ተከሳሹ እኔው ነኝ።

ያኔ አብነት ሰፈር፣ እትዬ በላይነሽ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። ልጃቸውን አስቴርን እንዲሰጡኝ ሽማግሌ ልኬ “እሑድ መልስ እንሰጣለን” ተብያለሁ። እስከዚያው አንገቴን ደፍቼ መቀመጥ ሲገባኝ እግሬ ምን አለሽ ተራ ወሰደኝ። ከአሮጌ ምድጃና ከቆርቆሮ መሀል አንዲት ሸክላ አየሁ፤ ሽፋኗ ላይ ጣልያን ሴት አፏን ከፍታለች።

“ዘፈን ነው?” አልኩት ሻጩን።

“ዘመናዊ ነው ወንድሜ! አገራቸው ምሁራን ብቻ ናቸው የሚሰሙት።”

ምሁራን ሲለኝ አለቀልኝ!

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ማጫወቻዬ ላይ ጫንኳት። ሴትዮዋ አጉተመተመች፣ ሳለች፣ ሳቀች፣ አለቀሰች፣ ለፈለፈች... ዘፈኑ ግን የለም። መግቢያው ይሆናል ብዬ ስጠብቅ “ቀበሌ ሱቅ ስኳር መጣ!” ተባለ። ሳላጠፋት በሬን ቆልፌ ሮጥኩ። ሸክላዋ ለካ ተጭራ ኖሯል፤ እየተመለሰች እዚያው ላይ ትለፈልፋለች።

ከሰልፍ ስመለስ ግቢው በሰው ሞልቷል። እትዬ በላይነሽ በሬ ሥር አሮጌ የጎማ ጫማ እያጨሱ በቁልፉ ቀዳዳ ቡዳውን ይመረምራሉ።

“ማን ነህ? የት ነው የያዝካት? ተናገር!”

ሴትዮዋ ከውስጥ ትንተከተካለች።

“ይስቅብኛል እኮ! ምን ዓይነቱ ደፋር ቡዳ ነው!”

“አይዟችሁ፣ አሁን ስም ይጠራል” አሉ ጨርቅ ነጋዴው ጎረቤታችን ጋሼ ሸምሱ። ይሄን ሲሉ ግማሹ ሰው ወደ ኋላ አፈገፈገ። ማን ስሙ እንዲጠራ ይፈልጋል?

አስቴር ጥግ ይዛ ቆማለች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። እሷ የቡዳው ነገር መች አሳሰባት?

“ማናት?” አለችኝ።

ወይኔ ጉዴ! “ሸክላ ናት!” ብዬ በሩን ከፈትኩና መርፌውን አነሳሁት። ጸጥ! አላመኑኝም፤ አልጋዬን ገልብጠው፣ ሳጥኔን ከፍተው ፈተሹ። ሴት የለችም።

“አያችሁ? ንጹሕ ነኝ!” ብዬ ደረቴን ነፋሁ።

እትዬ በላይነሽ ሸክላዋን አገላብጠው አዩዋት፤ ከዚያ እኔን።

“ይችን... ወደህ ነው የምትሰማት?”

“አዎ እትዬ፣ ዘመናዊ...”

“ማንም ሳያስገድድህ?”

“ማንም።”

“ገዝተህ?”

“ገዝቼ።”

ፊታቸው በሐዘኔታ ተሞላ። “ሴት ደብቀህ ቢሆን ልጅነት ነው ብዬ እምርህ ነበር” አሉና ወደ ሰዉ ዞሩ። “ጎማውን ወዲህ አምጡት! ለካ የተበላው እሱ ኖሯል!”

አራት ሰው ያዘኝ። እኔ ስታጠን አስቴር ሆዷን ይዛ ትስቃለች፤ እንባዋ ግን አልደረቀም።

እሑድ ሽማግሌዎቹ መልሱን ይዘው መጡ፦ “ሲሻለው ይምጣ።”

ይኸው ስንት ጊዜዬ፣ ደህና ነኝ እያልኩ እመላለሳለሁ። እትዬ በላይነሽ ደግሞ ባዩኝ ቁጥር “ጎማ አምጡ!” ይላሉ።