ጓድ ደስታ አለች

ወገኖቼ፣ ዛሬ ወረዳ ስብሰባ ላይ ጉድ ሆኛለሁ። ቪዲዮው ቲክቶክ ላይ ሳይወጣ ራሴ ልናገር ብዬ ነው።

ስልጠናው «ሥርዓተ ፆታ በሰላምና በልማት ሥራ» ይላል። ባነሩ ግድግዳውን ሞልቶታል። አሰልጣኟ የልጅ ልጄ የምትሆን ልጅ ናት። ስም መጥራት ጀመረች። «ወይዘሮ ደስታ?» ስትል እኔ ሆዬ ብድግ ብዬ፦

«አቤት ጓድ!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አንዱ ጎረምሳ እንዲያውም ግራ እጁን ጨብጦ ወደ ላይ አነሳልኝ።

ይሳቁ፣ ምን ቸገረኝ። ግን ከየት እንዳመጣሁት ልንገራችሁና ከዚያ በኋላ መሳቅ ከቻላችሁ ሳቁ።

ደርግ ጊዜ ነው። የምንኖረው ጭድ ተራ ጀርባ ነው። ሃያ ዓመት ገና አልሞላኝም። ያኔ ቤት ውስጥ ቧንቧ የሚባል የለም፤ ሰፈሩ በሙሉ የሚሰለፈው አንድ የመንግሥት ቦኖ ላይ ነው። እሱም ጠጅ ቤት ጓሮ፣ ጨለማ ቅያስ ውስጥ ነው የተተከለው። ውሃው ደግሞ የሚመጣው ጎህ ሳይቀድ ነው።

አንድ ቀን ታናሽ እህቴ አስካለ ልትቀዳ ሄዳ፣ ቀሚሷ ተቀድዶ፣ ጀሪካኗን ጥላ ተመለሰች። ለእናታችን «ወደቅሁ» አለቻት። ለእኔ ግን ነገረችኝ። ሰውዬው እጅ እንጂ ፊት አልነበረውም አለችኝ። ጨለማ ነበራ።

ከዚያ ወዲህ ሁለታችንም እንቅልፍ አጣን። ነገም ውሃ ይቀዳል፣ ከነገ ወዲያም።

ደግነቱ ቀበሌው አዲስ ቦኖ ሊተክል ነው ተባለ። የት? እዚያው ጓሮ፣ ከአሮጌው ጎን! የሚወስነው የሰላምና ልማት ኮሚቴ ነው፤ በኮሚቴው ካሉት ወንዶች ደግሞ ጀሪካን ተሸክሞ የሚያውቅ የለም።

ሰልፍ ላይ ያሉ ሴቶች «አንቺ ምላስ አለሽ፣ ሂጂ ንገሪልን» ብለው መረጡኝ። የምናገረውንም ቃል በቃል አስጠኑኝ።

የማን ቃል እንደሆነ አልነገሩኝም። እኔም አልጠየቅሁም። ያኔ ብዙ አይጠየቅም።

እሁድ ከሰዓት ሄድኩ። ክረምት ነው፣ ዝናቡ የአዳራሹን ቆርቆሮ ይደበድበዋል፣ መብራት ጠፍቷል። ሊቀመንበሩ ፊት አንድ ሻማ ብቻ ትበራለች። ነጠላዬን ተከናንቤ፣ ውሃ እየተንጠባጠብኩ ገባሁ። ማንም ቀና ብሎ አላየኝም።

ጥግ ላይ አንድ ባዶ ወንበር ነበር። ጭድ የተሞላች ትንሽ ትራስ ተቀምጣበታለች። መሃሏ ጎድጉዷል፤ ሰው አሁን የተነሳባት ነው የምትመስለው።

ተቀመጥኩ። ኮሽ አለች።

ሊቀመንበሩ በቃሉ ስም እየጠራ ነው። እየተጠራ «አለሁ» ይላል ሰው። ከዚያ፦ «ጓድ ደስታ?»

እንግዲህ ስሜ ደስታ ነው። ሴቶቹ ቀድመው ነግረውልኛል ብዬ ደስ አለኝ። ብድግ አልኩና «አቤት ጓድ!»



ሊቀመንበሩ አፉን እንደከፈተ ቀረ። ጨርቃ ጨርቅ የሚነግዱት ጋሼ ሙደሲር ቀስ ብለው «ቢስሚላህ» አሉ።

ለካስ የጠራው እኔን አይደለም።

እትዬ ደስታ የምትባል ጭድ ሻጭ ነበረች፣ የኮሚቴው ብቸኛ ሴት። ከወራት በፊት አንድ ማታ መኪና መጥቶ ወሰዳት። አልተመለሰችም። መወሰዷን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። አሁንም ስብሰባ እንደምትገባ ግን በምን ልወቅ!

የት ደረሰች ብሎ መጠየቅ ራሱ ያስወስዳል። ስሟን መተውም ያው መጠየቅ ነው። በዚያ ላይ ኮሚቴው ሴት ይኑርበት የሚል መመሪያ ከላይ ወርዷል። ስለዚህ በየስብሰባው ስሟ ይጠራል፣ ሁሉም ያቀረቅራል፣ ሊቀመንበሩ ራሱ «አለች» ብሎ ያልፋል። ድምፅ ሲሰጥም «ጓድ ደስታም ተስማምታለች» ይላል።

ያን ቀን ግን አቤት አለች።

«እ... እርስዎ ምን ይላሉ?» አለ ሊቀመንበሩ።

እኔን ነው? እርስዎ? በዚያ ዕድሜዬ፣ ያውም በጓድ ዘመን! ልቤ አበጠ። ነጠላዬን ሳልገልጥ ያጠናሁትን አንበለበልኩት።

«ቦኖው ከጓሮ ይውጣ። አስፋልት ዳር፣ መብራቱ ሥር ይተከል። ሴት የምትሄደው ውሃ ልትቀዳ ነው፣ ልትቀበር አይደለም።»

አንዱ ሰውዬ ማማተብ ጀመረ። እትዬ ደስታ በመጨረሻ ስብሰባዋ ላይ የተናገረችው ይህንኑ ነበር፣ አንድ ቃል ሳይጎድል። ያኔ «ቁጭ በይ» ነበር ያሏት።

አሁን ሁሉም እጁን አወጣ። ሁለት እጁን ያወጣም ነበር።

«በሙሉ ድምፅ ጸድቋል» ከማለቱ መብራት መጣ።

ጋሼ ሙደሲር ዝቅ ብለው ፊቴን አዩኝ። «ይቺማ የበርበሬ ሻጯ ልጅ ናት» አሉ።

እርስዎ ወዲያው አንቺ ሆነ። «አንቺ! ማን ግቢ አለሽ? ውጪ!»

ስሮጥ ለካስ ትራሷ ተቀድዳ ኖሮ ጭዱ በሙሉ የራሰ ቀሚሴ ላይ ተለጥፏል። ያንን መቀመጫዬ ላይ ለጥፌ ጭድ ተራን ከዳር እስከ ዳር አቋረጥኩት። ተሸካሚው ሁሉ ሳቀብኝ። «እሜቴ ዶሮ፣ እንቁላሉን የት ጣልሽው?» አለኝ አንዱ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሴቶቹ ጋ ስደርስ ግን የሳቀ የለም። ጭዱን አዩት። አንዷ ከቀሚሴ ላይ አንድ ዘለላ ነቅላ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረችው።

«አገኘሻት?» አለችኝ።

የማን ቃል እንዳስጠኑኝ ያኔ ገባኝ።

ሊቀመንበሩ ውሳኔውን ሊሽረው ፈልጎ ነበር። ግን እንዴት አድርጎ? ለመሻር «ጓድ ደስታ አልነበረችም» ማለት አለበት። ስንት ጊዜ በገዛ አፉ «አለች» ብሏል! ቦኖው አስፋልት ዳር፣ መብራቱ ሥር ተተከለ። አስካለ ጀሪካኗን ይዛ ሄደች፣ ጀሪካኗን ይዛ ተመለሰች።

እኔም ልብ ልብ አለኝና ሊቀመንበሩ ጋ ሄድኩ። የኮሚቴው ሴት አባል ልሁን አልኩት።

ቀና ብሎም አላየኝ። «ወንበሩ ተይዟል» አለኝ።

ደርግ እስኪወድቅ ድረስ ተይዞ ቆየ።

ወደ ዛሬው ልመልሳችሁ። ሳቁ ሲበርድ አሰልጣኟ «እናቶች፣ ሐሳብ አላችሁ?» አለች። እጄን አወጣሁ። ሰዓቷን አየችና «ሰዓት ስለሄደብን፣ እናቶች እንደተስማሙ እንውሰደው» አለች። ተጨበጨበ። ፎቶ ተነሳን።

ያኔ ከጎኔ ያለው ባዶ የፕላስቲክ ወንበር ኮሽ አለ። ጭድ የለበትም፣ አይቼዋለሁ። ጆሮሽ ነው በሉኝ፣ እኔም ለራሴ እንደዛ እያልኩ ነው ቤቴ የደረስኩት።

እንግዲህ ፍረዱኝ። ስልሳ አልፎኛል። በዚህ ሁሉ ዘመን ስብሰባ ላይ ተናግሬ የጸደቀልኝ ያን ቀን ብቻ ነው፣ እሱም የሞተች መስያቸው። ለሚቀጥለው ስልጠና እንዲሁ ልሂድ ወይስ ሞቼ?