የሁሩሙ የዛፍ ሽበትና የጋሼ ደረጀ ዶሮዎች

ወዳጅን መምከር ከባድ ነው፤ ዘመድን መምከር ደግሞ ይብሳል። ወዳጅ ቢቀየም ሌላ ወዳጅ ይፈለጋል፤ አጎት የተቀየመ እንደሆነ ግን በየለቅሶውና በየሠርጉ ፊት ለፊት መገጣጠም አለ። ስለዚህ አብዛኞቻችን «ዝምታ ወርቅ ነው» እያልን ፍርሃታችንን ተረት እናለብሰዋለን።

ጫልቱ አላለበሰችም።

ጫልቱ የመቱ ልጅ ናት። ለሁለተኛ ዲግሪዋ የምታጠናው የዛፍ ሽበትን ነበር፤ እርጥብ ግንድ ላይ የሚለጠፈውን ያን ለስላሳ አረንጓዴ ነገር። ለጥናቷ ሁሩሙ መጥታ ያረፈችው አጎቷ ጋሼ ደረጀ ቤት ነው። እሳቸው ከጫካው ጥግ ትልቅ የዶሮ እርባታ አላቸው፤ እኔ ደግሞ ጎረቤታቸው ነኝ። ጠዋት የአጎቷን እንቁላል ትበላና ከጫካው መሀል ያመጣችውን ሽበት በመረብ ቋጥራ፣ ከእርባታው አጥር ጀምሮ እስከ ጫካው ውስጥ በየዛፉ ታስራለች። ሰፈርተኛው «ለዛፍ ክታብ የምታስር» ይላት ጀመር።

እኔም ጠየቅኋት። ሽበት ሥር ስለሌለው የሚመገበው ከዝናብና ከአየር ነው አለችኝ። ስለዚህ አየሩ ምን እንደተሸከመ ከእሱ ይታወቃል። አጥሩ ጥግ የተከመረው የዶሮ ኩስ የሚተፋው፣ ዓይን የሚቆጠቁጠው አሞኒያ ናይትሮጅን አለበት፤ ለበቆሎ ሲሳይ ነው፣ ከመጠን ሲያልፍ ግን ጫካ ይጎዳል።

ከየቋጠሮው የተቀነጠበው ናሙና አዲስ አበባ ተመርምሮ ውጤቱ መጣ። እሑድ ምሳ ላይ እኔም ተጠርቼ ነበር።

«አጎቴ፣ ጫካውን የጎዳው የእርስዎ ኩስ ነው» አለች። ወዲያው ደነገጠች። «የዶሮዎችዎን ማለቴ ነው።»

ሳቄን በወጥ ዋጥኩት። ጋሼ ደረጀ ግን ጉርሻቸውን መልሰው አስቀመጡ።

«ኢንታላ ኮ» አሉ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «እቤቴ እየበላሽ ትከስሺኛለሽ?»

«አልከሰስኩዎትም። ከሰው ከሚሰሙት ከእኔ ይስሙት ብዬ ነው።»

«አሳዪኝ» ብለው ተነሡ።

ሦስታችንም ሄድን። ጫካው መሀል የታሰሩት ቋጠሮዎች ለምልመዋል፤ ወደ አጥሩ ስንቀርብ እየገረጡ መጥተው የመጨረሻዎቹ ጠቁረዋል። ጋሼ ደረጀ አጥሩ አጠገብ ያለውን የትልቅ ዋርካ ግንድ ዳበሱ። እጃቸው ላይ አተላ የመሰለ ዝልግልግ ቀረ።

«ይህን ግንድ አውቀዋለሁ» አሉ ቀስ ብለው። «ከብት ስጠብቅ እደገፈው ነበር። ሽበቱ ፍራሽ ነበረ እኮ።»

ከዚያ በኋላ ክርክር አልነበረም። የኩሱ ክምር ከጫካው ርቆ ጣሪያ ተሠራለት፤ ገበሬዎች እየወሰዱ ከበቆሎ ማሳቸው አፈር ጋር ቀላቀሉት። በተከታዩ ክረምት ጫልቱ አዲስ ቋጠሮ አሰረች። አጥሩ አጠገብ ያሉት እንደ ጫካው መሀሎቹ አረንጓዴ ሆነው ከረሙ፤ ናይትሮጅኑም በእጅጉ ቀንሶ ተገኘ። ዋርካው ላይ ስስ አረንጓዴ ብቅ ስትል ጋሼ ደረጀ ሰፈሩን ሁሉ ጠርተው ዶሮ አሳረዱ። ዶሮዎቹ ምን እንደተሰማቸው አልተጠየቁም።

ጫልቱም በማዕረግ ተመረቀች። ወረዳው የእርባታ ባለቤቶችን ሰብስቦ ንግግር እንድታደርግ ሲጋብዛት፣ ጋሼ ደረጀ «እኔ ልጀምርላት» ብለው ተነሡና እስከ ምሳ ሰዓት አልተቀመጡም። ሽበት ሥር እንደሌለው፣ አየር እንደሚመገብ፣ አሞኒያ ምን እንደሚያደርገው እጃቸውን እያወናጨፉ አስረዱ። ጫልቱ ጥግ ይዛ ፊቷ በርቶ ታዳምጣለች።

አጠገቤ የተቀመጠው፣ ከቡሬ ወረዳ በእንግድነት የመጣ ዶሮ አርቢ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «እኔ ዘንድም መጥተው ቋጠሮውን ቢያስሩልኝ ደስ ይለኝ ነበር። እኚህ ምሁር የት ነው የተማሩት?»

«የእህታቸው ልጅ ጋ» አልሁት።