በሕግ አምላክ ሲባል የሚቆም ጀግና

ሰዎች፣ የዛሬውን ጉዴን ከራሴ አፍ ብትሰሙት ይሻላል። የካሜራው ልጅ በስልኩ ቀርጾኛል፤ ነገ የትም ታገኙታላችሁ።

ባለፈው ሽመል ይዤ የለጠፍኩትን ፎቶ ታስታውሳላችሁ? "መሪ ተዋናይ" ያልኩበትን?

ተረስቷል በሉት።

ለማታውቁ፦ ድራማው በጃንሆይ ዘመን ጋይንት ውስጥ ነው። ዱላ አናነሳም ብለው የማሉ ገበሬዎች አሉ። ከገደል ሥር ሰባት ራስ ያለው ዘንዶ ይወጣባቸዋል (በኮምፒውተር ነው የሚሠራው፤ እኔም አላየሁትም)። እኔ ከሩቅ መጥቼ ውጊያ የማስተምራቸው ጀግና ነኝ።

ስንት ዓመት ሬሳ ሆኜ ተኝቼ፣ ዘበኛ ሆኜ በር ከፍቼ፣ ገና አሁን የሚናገር ሰው ሆንኩ! እናቴ ንፋስ መውጫ ላይ ያልነገረችው ሰው የለም። የባጃጅ ሹፌሮች ሳይቀሩ "ጀግናው" ይሉኛል።

የዛሬው ትዕይንት ቀላል ነው። አንዱን ጎረምሳ "መክት!" ብዬ በሽመሌ አናቱ ላይ እሰነዝራለሁ። ሽመሉ ስፖንጅ ነው። እሱ ይመክታል። አለቀ!

ገበሬዎቹ የእውነት የአርብ ገበያ ከተማ አካባቢ ገበሬዎች ናቸው። ከፊት የቆሙት ሽማግሌ አባባ ተገኘ ይባላሉ። ዝም ብለው እንዲያዩ ብቻ ነው የተነገራቸው።

"አክሽን!"

ሽመሌን አነሳሁ።

"በሕግ አምላክ!" አሉ አባባ ተገኘ።

ቆምኩ።

ሽመሉ ከራሴ በላይ፣ አፌ እንደተከፈተ፣ ድርቅ!

ዳይሬክተሯ ሮጣ መጣች። "አባባ፣ ትወና እኮ ነው!"

"አውቃለሁ ልጄ። ዱላ ሲነሳ ግን ዝም ብዬ አላውቅም።"

ደገምን። ጮኹ። ቆምኩ።

እሷም ብልጥ ናት። "በቃ እሳቸው ይበሉ፤ እንዲያውም ያምራል። አንተ ግን እንዳትቆም! እየጮኹ ትመታለህ።"

እንዴት ብዬ ላስረዳት? እኔ በልጅነቴ ከአባቴ ቀበቶ የተረፍኩት እናቴ ይህን ቃል እየጮኸች ነው። አባቴ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ይሳደብ ነበር፣ ግን ይቆም ነበር። የማይቆም ሰው እኛ ዘንድ ሰው አይባልም።

ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ሞከርን። ጎረምሳው ራሱ "ኧረ ምታኝና እንገላገል!" አለኝ። አልቻልኩም! ዘንዶ ሊያስገድል የመጣ ጀግና ስፖንጅ ማሳረፍ አቃተው።

በመጨረሻ ዳይሬክተሯ ሽመሉን ከእጄ ወስዳ ለጎረምሳው ሰጠችው። እኔን በእሱ ቦታ አቆመችኝ። አሁን እንኳ ሥራዬ መመከት ብቻ ነው፤ ይህ ያቅታል?

ያቅታል!

"በሕግ አምላክ!" ሲሉ ልመክት ያነሳሁት እጄ ቆመ። እሱ አልቆመም። አናቴን አለኝ።

"ካት! አሪፍ!" ሁሉም አጨበጨበ። አባባ ተገኘ ብቻ ፊታቸውን አዞሩ።

ሄጄ ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ። መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ።

"አመመህ?"

"ስፖንጅ ነው እኮ አባባ።"

አናቴን ዳሰስ አደረጉ። "በጃንሆይ ጊዜ አርብ ገበያ ላይ ሁለት ሰዎች በመሬት ወሰን ተጣልተው ዱላ አነሱ። በሕግ አምላክ ብዬ ጮህኩ። አንዱ ቆመ። አንዱ አልቆመም።"

"የቆመውስ?"

"ወንድሜ ነበር። በዚያው ቀረ።"

የማይረባ ጥያቄ ጠየቅሁ። "ታዲያ እንዲህ ሆኖ አሁንም እንዴት ይላሉ?"

"ሌላ ምን ልበል ልጄ?"

አፈርኩ። በዛሬው ቀን ከምር ያፈርኩት እዚያ ጋ ነው።

እናም ጀግናነቱ ለጎረምሳው ተሰጥቶ፣ እኔ አሁን ከአባባ ጎን የምቆም ጋቢ የለበስኩ ሰላማዊ ገበሬ ነኝ። ዘንዶው መጀመሪያ የሚበላው እኔን ነው፤ ስክሪፕቱ ላይ አይቻለሁ። ንፋስ መውጫ ያላችሁ፣ እባካችሁ ለእናቴ እንዳትነግሩብኝ!

አባባ ተገኘ ግን ዘንዶው ሲመጣም "በሕግ አምላክ!" እላለሁ ብለዋል።

ይቆም ይሆን?