የቤተሰብ መዋኛ

የከተማችን ስም ባሕር ዳር ነው። ከስሟ ውኃ ጠፍቶ አያውቅም፤ ከቧንቧዋ ግን ይጠፋል። እንግዳ ሲመጣብን ጣናን እናሳያለን፣ ፎቶ እናስነሳለን፣ ዓሣ እናበላለን፤ «ለመሆኑ ዋና ትችላላችሁ?» ብሎ የሚጠይቅ እንግዳ ከገጠመን ግን ወሬ እንለውጥበታለን። እርግጥ የሚችሉ አሉ። ሐይቁ ላይ ያደጉት የደቅና የደልጊ ሰዎች ይችላሉ። ፋብሪካውና ኮሌጁ ከየአገሩ የሰበሰቡን እኛ ደመወዝተኞቹ ግን ሐይቁን የምናውቀው ከዳር ቆመን ነው። ልጆቻችንንም ያሳደግናቸው «ውኃው ዘንድ እንዳትደርሱ» እያልን ነው። እርስዎም ሳይሉ አይቀሩም።

የመቆጣጠሪያ መሣሪያችን ጥፍራችን ነበር። ልጁ ከውጭ ሲገባ ክንዱን ጫር ማድረግ ነው፤ ነጭ መስመር ከወጣ ውኃ ገብቷል ማለት ነው፣ የቀረውን ቀበቶ ይጨርሰዋል። እኛ ግሽ አባይ ሰፈር በዚህ ምርመራ ጎረቤቴን አበቡን የሚያህል አልነበረም። አበቡ ኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ትሠራለች፤ ሁለት ልጆቿን ያሳደገችው ብቻዋን ነው። የትልቁ፣ የይበልጣል ክንድ፣ አንድም ቀን ነጭ መስመር አውጥቶ አያውቅም። ታዛዥ ልጅ ነበር። ባለፈው ዓመት ፈተና የጨረሱ ዕለት ከጓደኞቹ ጋር ሐይቁ ዳር ድንጋይ ላይ ሲጫወት እግሩን አዳለጠው። ጓደኞቹም እንደ እሱ ታዛዦች ነበሩ፤ ዘሎ የሚገባለት አልተገኘም።

ከዚያ በኋላ ነው ጋሽ ይርሳው ገንዳ ያስቆፈሩት። ጋሽ ይርሳው ጡረታ የወጡ ግንበኛ ናቸው፤ የደልጊ ተወላጅ፣ ሚስታቸው የሞቱባቸው፣ ልጅ ያልወለዱ። ሐኪም ለጉልበትዎ ዋና ይበጅዎታል ቢላቸው ከቤታቸው ጓሮ አንዲት ትንሽ መዋኛ ሠሩና በቦቴ ውኃ አስሞሏት። ሐይቅ አጠገብ ተቀምጦ ውኃ በቦቴ የሚያስመጣ ሰው ስናይ መቼም ዝም አንልም፤ ሰፈሩ ሁሉ ሳቀ። አበቡ ብቻ አልሳቀችም። ትንሿን ልጇን ቤዛን በእጇ ይዛ በራቸውን አንኳኳች።

«ጋሼ፣ የቀረችኝ ይቺ ናት። ዋና ያስተምሩልኝ።»

«እሺ ልጄ» አሏት።

ነገሩ በዚህ ባለቀ ነበር። ነገር ግን መመሪያ አለ። ከሚመለከተው ቢሮ አንድ ወጣት ተቆጣጣሪ መጣና የመኖሪያ ቤት መዋኛ አጥር እንደሚያስፈልገው፣ በሩ እንደሚቆለፍ፣ ጥልቀቱ ጠርዙ ላይ እንደሚጻፍ አስረዳ። በመመሪያው ላይ ቂም የለኝም፤ ውኃ ይታጠር ብሎ ያሰበ ሰው ልጅ የሚወድ ሰው ነው። ጋሽ ይርሳውም አጠሩ፣ ቁልፍ ገዙ፣ ጥልቀቱንም በቀይ ቀለም ጻፉ። ያስቸገረው የመጨረሻው ነጥብ ነው። ከቤተሰብ አባል በቀር ማንም ሰው እንዳይገባ፤ የውጭ ሰው ከገባ የንግድ መዋኛ ይሆናል፣ ፈቃድና ነፍስ አዳኝ ሠራተኛ ከሌለው ይታሸጋል። እንግዲህ ጋሽ ይርሳው ቤተሰብ የሚባል የላቸውም። ቤዛ ደግሞ የጎረቤት ልጅ ናት፤ በመመሪያው አነጋገር የውጭ ሰው።

አበቡ ይህን ስትሰማ ከእኔ ደጅ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ለማጽናናት ስታገል ጋሽ ይርሳው በአጥር ላይ ብቅ አሉ።

«አበቡ፣ ማር አለሽ?»

ለሳል የፈለጉት መስሏት ነበር። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ግን የሰፈሩን ሽማግሌዎች ጠርተው፣ ጣታቸውን ማር ውስጥ ነክረው ቤዛን እንደ ጡት አጠቧት። «ከዛሬ ጀምሮ የጡት ልጄ ናት» አሉ። ወጣት ለሆናችሁ፣ በአያቶቻችን ዘመን ልጅ ያልወለደ ሰው የሚወልደው እንዲህ ነበር፤ በሽማግሌ ፊት የተጠባ ጣት አይካድም። ቤዛ ጣታቸውን እንደያዘች «ማሩ ያልቃል እንዴ?» ብላ ሽማግሌዎቹን አሳቀቻቸው።

ተቆጣጣሪው ተመልሶ ሲመጣ ቤዛ ውኃው ውስጥ ነበረች።

«ይቺ ልጅ ማን ናት?»

«ልጄ ናት።»

«ልጅ የለኝም ብለውኝ አልነበር?»

«ያን ጊዜ አልወለድሁም ነበር።»

በምን እንደ ወለዷት ነገሩት። ወጣቱ ልጅቷን አየ፣ አጥሩን አየ፣ ቁልፉን ነካ ነካ አደረገ። «እኔም አያቴን የጡት ልጅ ነው ሲሉ እሰማለሁ» አለና ወረቀቱ ላይ «ቤተሰብ» ብሎ ጽፎ ሄደ።

በዚያ ክረምት ዝናብ ባባራ ቁጥር ጋሽ ይርሳው ወገባቸው ድረስ ውኃ ውስጥ ቆመው፣ ሆዷን በመዳፋቸው ደግፈው አስተማሯት። አበቡ ለገንዳው ጀርባዋን ሰጥታ ትቀመጣለች። ማየት አልቻለችም፤ መሄድም አልቻለችም። እኔ አጠገቧ ሆኜ የማየውን እነግራታለሁ። «አሁን እጃቸውን ለቀቁ» ያልኋት ዕለት የነጠላዋን ጫፍ ነክሳ ነበር። «ደረሰች፣ ጠርዙን ያዘች» ስላት ዞረች።

ጋሽ ይርሳው እያለከለኩ ወጥተው አጠገባችን ተቀመጡ።

«ጋሼ፣ ምን ያህል ጊዜ ፈጀባት?» አለቻቸው።

«ምን ፈጀባትና፤ አንድ ክረምት እንኳ አልሞላ። ልጅ ቶሎ ይለምዳል።» ደስ ሊያሰኟት ነበር።

«ይኸው ነው?» አለች። «ይኸው ብቻ ነው እንዴ? ወንድሟ እኮ ከእኔ ጋር ስንት ክረምት ከርሟል።»

ቤዛ ሰውነቷን አደራርቃ መጥታ ከእናቷ ጉያ ገባች። አበቡ ክንዷን ሳብ አደረገችና የቆየ ልማዷ ሆኖባት በጥፍሯ ጫር አደረገችው። ነጭ መስመር ወጣ። ልጅቷ ቀበቶውን አስታውሳ ክንዷን ልትሰበስብ ስትል እናቷ አልለቀቀቻትም፤ ከንፈሯን መስመሩ ላይ አሳርፋ ለረጅም ጊዜ አለቀሰች።

ጋሽ ይርሳው ቀስ ብለው ተነሥተው የመዋኛውን በር ቆለፉ። መመሪያው እንደዚያ ይላል።